ለጋሽ ጆንያ የተሠራ ወንበር

በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ከቱቦው እጥፋቶች ውስጥ የደረቀ ጭቃ እያወጣች ነበር። ቱቦው እንደ ክንድ የወፈረ፣ ግን እንደ ጣሳ የሳሳ አሉሚኒየም ነው። አንዱን እጥፋት ታጸዳለች፣ በጨርቅ ትወለውላለች፣ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። አምስተኛውን ስትጨርስ ብሩሹ የሚገባበት አጣ። ከዚያ በላይ ያለው ቱቦ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ምንም ያልደረሰበት ነበር።

እንደገና ቆጠረች። አምስት።

ዘጠኝ መሆን ነበረበት።

"ምን አገኘሽ?" አሉ በያጁ ከወርክሾፑ ማዶ፣ ጥቁሩን መነጽር ወደ ግንባራቸው ገፍተው። ሠላሳ ዓመት ብረት ከብረት ሲያጋቡ የኖሩ ሰው ናቸው። "እኔ ያጋባሁት አይፋታም" ይላሉ ስለ ሥራቸው ሲናገሩ።

"ምንም፣ ጋሼ። ጭቃ ነው።"

"አምስት ሳምንት ካልነኩት ጭቃም ድንጋይ ይሆናል።"

እውነታቸውን ነው። አምስት ሳምንት ሙሉ ስብርባሪው ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። እሷም በዚያ በኩል ላለማለፍ ስትል ወደ ጠረጴዛዋ የምትሄደው ዙሪያ ጥምጥም ነበር።

ከሸራው ሥር ያለችው ፌንጣ ናት። መንገድ ሲኖር በአራት ቀጫጭን ጎማ ትሄዳለች፤ መንገድ ሲያልቅ ክንፏን ዘርግታ ትነሳለች። ድልድይ የተሰበረበት ማዶ ላለ በሽተኛ ሐኪም ታደርስ ዘንድ የታሰበች ተሽከርካሪ ናት። እንድትበር መቅለል አለባት፤ ስትወድቅ ሰው እንዳትገድል ደግሞ መጠንከር አለባት። መቅለልና መጠንከር እንደ ጣውንት ናቸው፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ታኮርፋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት የተለፋው ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ለማኖር ነበር።

የእሷ ድርሻ ወንበሩ ነው። ፌንጣ በሆዷ መሬት ስትመታ ከነጂው ወንበር ሥር ያለው ቱቦ እየተጣጠፈ ይሰበሰባል። በያንዳንዷ እጥፋት ምቱን ይጎርሳል፤ ለሰውየው ወገብ የሚተርፈው ፍርፋሪው ብቻ ነው። ወንበሩን ስትፈትን የምታስቀምጥበት አሻንጉሊት ጋሽ ጆንያ ይባላል። ቆዳው ሸራ፣ ሥጋው አሸዋ፣ አጥንቱ እንጨት ነው፤ ወገቡ ውስጥ ምት የሚለካ መርፌ ተቀብሮበታል። ሰማንያ ኪሎ ይመዝናል። ከመፈተኛው ማማ አርባ ጊዜ ስለወደቀ ሠራተኛው ሁሉ አንቱ ይለዋል። "ለዚህ ቤት እንደሳቸው የወደቀ የለም" ይባላል።

ቤቱ ሃይማኖት ቢኖረው ሚዛን ነበር። በሩ አጠገብ ትልቅ ሚዛን ቆሟል፤ ከበላዩ "አንድ ግራም ያስገባ አንድ ግራም ያውጣ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ብሎን ይመዘናል፣ ቀለም ይመዘናል፣ ሰውም ጠዋት ሲገባ እየሳቀ ይመዘናል። የቀነሰ ይጨበጨብለታል፤ የጨመረ "ሐሜት ቀንስ፣ ግማሽ ኪሎ ይወጣልሃል" ይባላል። ባለፈው ዓመት ፌንጣ ከታሰበው ሠላሳ ኪሎ በልጣ ተገኘች። የሚፋቀው ሁሉ ተፋቀ፣ የሚበሳው ሁሉ ተበሳ፤ ኪሎዎቹ ግን እምቢ አሉ። ያኔ ነው እሷ፣ በስብሰባ አፏን የማትከፍተው ሴት፣ እጇን ያወጣችው።

"ነጂውን ብንለውጥስ?"

ነጂው ሰማንያ ሦስት ኪሎ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ፈቃድ ያለው ነጂ ነው፤ ሃምሳ አንድ ኪሎ። ቤትም ሰፈርም ስሙ ላባ ነው። ነፋስ በተነሳ ቁጥር እናቱ "ኪስህ ድንጋይ ክተት" እያለች የምታሾፍበት ልጅ ነው። "ሠላሳ ሁለት ኪሎ በነፃ!" ብለው አለቃው ጠረጴዛውን ደበደቡት። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። እሷም ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

ስለ ወንበሩ የጠየቀ አልነበረም። ወንበሩ ሰማንያ ኪሎ ጭነውበት ያለፈ ወንበር ነው፤ ሰማንያ የቻለ ሃምሳ አንድ እንዴት ያቅተዋል?

አሁን ቱቦውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ከፌንጣ የተገኘውን መዝጋቢ ወረቀት ዘረጋች። ላባ ሊያርፍ ሲል ነፋስ ከላይ ተጭኖት መሬት የመታው በሰከንድ ስድስት ነጥብ ስምንት ሜትር ነው። ጋሽ ጆንያ በስምንት ወድቀው መርፌያቸው ወገብ የሚሰበርበትን ቀይ መስመር አልነካም። በዚህ በስድስት ነጥብ ስምንት ሲወድቁ ደግሞ ቱቦው ዘጠኝ ጊዜ ይታጠፍ ነበር። ሁልጊዜ ዘጠኝ።

ብሩሹን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ጋሽ ጆንያን ላከሳቸው ነው።"

"ምነው፣ አዲስ ልብስ አሰፉ እንዴ?"

"አርባ ዘጠኝ ኪሎ ላደርጋቸው።"

የበያጁ ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንዳለ ደረቀ። ቁጥሩን ያውቁታል። የአደጋው ቀን ጠዋት ላባ ሚዛኑ ላይ ወጥቶ "አርባ ዘጠኝ! እትዬ፣ ሁለት ኪሎ ስጦታ!" ብሎ ሲጮህ እዚያው ነበሩ። እሷ ትከሻውን መታ አድርጋ "ጎበዝ" ስትለውም ሰምተዋል።

የጋሽ ጆንያን የሆድ ስፌት ፈትታ አሸዋውን በሣህን እየቀዳች አወጣች። ሠላሳ አንድ ኪሎ ሲወጣላቸው ጋሽ ጆንያ አንገታቸውን ደፉ፤ ሸራቸው እንደ ሽማግሌ ጉንጭ ተንጠለጠለ። ከአዲስ ቱቦ በላይ በተገጠመ ወንበር አስቀመጧቸው። ቀበቶውን በያጁ አጠበቁ። ላባ በወደቀበት ፍጥነት እንዲያርፉ ከፍታውን አሰላች፤ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ስድስት ሳንቲሜትር። ከአንድ የቤት በር ጥቂት ከፍ ይላል።

ገመዱን ሳበች።

ድምፁ አጭር ነበር፤ ወፍራም መጽሐፍ ወለል ላይ እንደ መጣል። ተንበርክካ በጣቷ ቆጠረች። አምስት። መርፌው ቀዩን መስመር አልፎ መጨረሻው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

በያጁ አጎንብሰው አዩ። "አልገባኝም። ሰውየው ቀለሉ እኮ። የቀለለ ሰው ሲወድቅ ምቱ አይቀልለትም?"

"ቱቦው ወደ ላይ የሚመልሰው ጉልበት ሁሌም ያው አንድ ነው፣ ጋሼ። ሰማንያ ኪሎ ሰውን ቀስ አድርጎ የሚያቆም ጉልበት አርባ ዘጠኙን በአንዴ ቀጥ ያደርገዋል። ምቱ ቱቦው ላይ ሳያልቅ ወገብ ላይ ያልቃል።"

በያጁ ቱቦውን በጣታቸው ነኩ። "ለበሬ የተሠራ ፍራሽ ለጥጃ ድንጋይ ነው በይኛ።"

"አዎ።"

"ይሄን ማን ያውቃል?"

"እኔ። አሁን ደግሞ እርስዎ። እኔ ግን ማወቅ የነበረብኝ ሚዛኑ ላይ ሳቆመው ነበር።"

ከበሩ በኩል ሳቅ ተሰማ። አለቃው አንዲት ቀጭን ወጣት ሴት ይዘው ገብተው ሚዛኑ ላይ አቁመዋታል። አዲሷ ነጂ ናት፤ ሰኞ ትጀምራለች።

"ጫማዬን ላውልቅ?" አለች ልጅቷ።

"ተዪው፣ ከነጫማሽ አርባ ስድስት ተኩል ነሽ!" አሉ አለቃው። "በርቺ የኔ ልጅ፣ አደራ ምሳ እንዳትበዪ!"

ሠራተኛው አጨበጨበ። እሷና በያጁ ተያዩ። ከዚያ ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ሥር አደረገች።

አለቃው ረጅም ሰው ናቸው። ጆሯቸው ላይ እርሳስ አይጠፋም፤ እርሳሱም ለክብደት ቅነሳ ምሳሌ እንዲሆን ከወገቡ የተቆረጠ ነው። ቢሯቸው ገብታ ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ ስታቆምላቸው ማስረዳት አላስፈለጋትም። በዚያችው ጉማጅ እርሳስ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ነኩ። አምስተኛው ላይ እርሳሱ ቆመ። የወንበራቸውን እጀታ ፈልገው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ስንት ኪሎ ላይ ሞከርሽው?"

"አርባ ዘጠኝ።"

"መርፌውስ?"

"አልፏል።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ልጅቷ ፌንጣ ቁጥር ሁለት አጠገብ ቆማ ክንፏን በመዳፏ ትዳብሳለች። አለቃው ሲናገሩ ድምፃቸው የደግ ሰው ድምፅ ነበር፤ ያ ነው ነገሩን ያከበደው።

"ስሚ ልጄ። ቱቦውን እንለውጠዋለን። ለቀላል ሰው የሚሆን ሥሪልኝ። እሱ እስኪደርስ ልጅቷ ከመሬት አትነሳም፣ ቃሌ ነው። ከዚያ ምን ቀረን?"

"የአደጋው ሪፖርት። ነገ ለፈቃድ ሰጪዎቹ ይገባል።"

"ሪፖርቱ ተጽፏል።"

መሳቢያቸውን ሳቡና አንድ ወረቀት ሰጧት። የወንድሟ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ተኝቶ የጻፈው ስለሆነ መስመሩ ወደ ታች ይንሸራተታል። "ነፋሱ ሲጫነኝ እጄ ዘግይቷል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የፌንጣ አይደለም" ይላል። ከሥሩ ፊርማው አለ።

"ማን አጻፈው?"

"ማንም። በእናትሽ እጅ ነው የላከልኝ። ልጁ ካንቺ ይልቅ ገብቶታል። ነጂ ሲሳሳት ነጂ ይቀየራል፤ ወንበር ሲሳሳት ቤቱ ይዘጋል። እዚህ ሃያ ሁለት ሰው አለ። ከድልድዩ ማዶ የሚጠብቅ በሽተኛ አለ።"

"አውቃለሁ።"

"ነጂው ይለወጥ ያልሽው አንቺ ነሽ። ወንበሩ አልፏል ብለሽ የፈረምሽውም አንቺ። ይህን ስትጽፊ ራስሽን ነው የምትጽፊው።"

"አዎ፣ አለቃ። ሌላ ሊጽፈው የሚችል የለም።"

"እሱስ ምን ይጠቀማል? ወገቡ አይመለስለት!"

ያየችውን ብቻ ተናገረች። "ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያቺን አንድ ሰከንድ ሲደጋግማት ይውላል። እጁን አየር ላይ አውጥቶ መሪውን ይስባል፤ እንደገና ይስባል። አምስት ሳምንት ሆነው።"

እዚያው ቆማ በጠረጴዛቸው ጫፍ ላይ ስድስት መስመር ጻፈች፤ ፍጥነቱን፣ ክብደቱን፣ እጥፋቱን፣ መርፌውን፣ የማን ስሌት እንደሆነና ፊርማዋን። ከወንድሟ ወረቀት በላይ አድርጋ ሁለቱን በአንድ አያያዘቻቸው። አለቃው አልከለከሏትም፤ አልባረኳትምም። ጉማጅ እርሳሳቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ጆሯቸው ላይ ለመሰካት ሞከሩ፤ ወደቀች። ሳያነሷት ቀሩ።

አርብ ወረቀቱ ገባ። ቅዳሜ ጠዋት ከፈቃድ ሰጪዎቹ ሁለት ሰዎች መጥተው በሩን አሸጉ። ሃያ ሁለቱ ሠራተኞች ውጭ ቆመው አዩ። የሰላምታዋን አጸፋ የመለሱት በያጁ ብቻ ነበሩ።

"ያጋባሁት አይፋታም እል ነበር" አሉ የታሸገውን በር እያዩ። "በይ ሂጂ። ልጁ ከሰው አፍ ሳይሰማ ድረሺበት።"

ሆስፒታል ስትደርስ ከሰዓት ሆኗል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ መሳቢያ ያለው ትንሽ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ማንም የማያየው ሰዓት። እናቷ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ለነርሷ ታወራላታለች።

"ችኩልነት ከልጅነቱ ነው እቴ። ደረጃ እንኳ ሁለት ሁለቱን ነበር የሚወርደው። ቀስ በል አልኩ፣ ቀስ በል አልኩ፤ ማን ሰምቶኝ።"

ላባ ጣሪያውን እያየ "እውነቷን ነው" አለ።

እናቷ ውኃ ልትቀዳ፣ ነርሷ ሌላ በሽተኛ ልታይ ወጡ። እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከብርድ ልብሱ ሥር ያለው እግሩ ከጭኗ ጋር ተነካካ፤ እሱ አላወቀም።

"ፊትሽ ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ፊት ነው" አለ። "ስንት ጨመርሽ?"

"ላባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እስክጨርስ ዝም በል።"

ነገረችው፤ ቁጥር እንደሚነገር፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ። የወደቀበትን ፍጥነት፣ ወንበሩ አልፎ የነበረውን ፍጥነት፣ አምስቱን እጥፋት፣ የመርፌውን መቆሚያ።

"ወንበሩ ልክ ቢሆን ኖሮ፣ ብትዘገይም ባትዘገይም ቀበቶህን ፈትተህ፣ አቧራህን አራግፈህ ትወጣ ነበር። ወንበሩ የተሠራው ለጋሽ ጆንያ ነው። አንተን ረሳሁህ።"

ሳቀ፤ ከደረቱ በላይ ብቻ የሚስቅ ሳቅ ነው ያለው።

"ሦስት ሳምንት ራቴን ተውኩ እኮ። እማዬ ጨጓራ መስሏት ያላጠጣችኝ ነገር የለም። ሁለት ኪሎ ላመጣልሽ።" ጣሪያውን እያየ "ብበላስ ኖሮ?" አለ።

"ያው ነበር። ሁለት ኪሎ ለውጥ አያመጣም።"

"በከንቱ ነው የተራብኩት በይኛ።"

"በከንቱ ነው።"

"ወረቀቴስ?"

"ከኔ ወረቀት ጋር አብሮ ሄደ።"

"ፌንጣስ?"

"ዛሬ አሸጓት።"

እጁ ብርድ ልብሱን ጨመደደ። "ማን ጠየቀሽ?" አለ፣ ጣሪያውን ትቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን እያየ። "ማን ጠየቀሽ፣ እትዬ? የኔ ጥፋት ሲሆን ቢያንስ ነጂ ነበርኩ። ተሳሳትኩ፤ ግን መሪው እጄ ላይ ነበር። አሁን ምን ልሆን ነው? ጭነት። አርባ ዘጠኝ ኪሎ ጭነት።"

ይህን አላሰላችም ነበር። ከላዩ ሸክም የምታወርድለት መስሏት ነው የመጣችው፤ የተረፈውን አንድ ነገር ወሰደችበት። "ይቅርታ" የሚለው ቃል አፏ ላይ መጣ። መዘነችው፤ ቀለለባት፤ ዋጠችው።

ኮሪደሩ ላይ የምግብ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ። ላባ ጠበቀው፤ ድምፁ እስኪጠፋ።

"አዲሷ ነጂ ስንት ኪሎ ናት?"

"አርባ ስድስት ተኩል። ከነጫማዋ።"

ዓይኑን ጨፈነ። "ትሰበር ነበራ።"

"ትሰበር ነበር።"

"ሰኞ?"

"አለቃው አትነሳም ብለው ነበር። አሁን ግን ሰኞም የለ፣ ማክሰኞም የለ።"

እጁን አየር ላይ አንሥቶ መሪውን ይስብ ይሆናል ብላ ጠበቀች። አላነሳም። ሁለቱም እጆቹ ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጠው ቀሩ። ይህ ማረፍ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻለችም፤ ለዚህ የሚሆን መርፌ የላትም።

እናቷ ውኃውን ይዛ ገባች። ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። "ምን ሆናችሁ?" አለች።

"ምንም፣ እማዬ" አለ ላባ። "እትዬ ስለ ደረጃው እየነገረችኝ ነው። ችኩልነቴ አይደለም አለችኝ።"

"ምኑ ነው ችኩልነትህ ያልሆነው?"

"እሷ ትነግርሻለች። እዚህ ግን አይሁን፤ ውጭ።" ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። "መጀመሪያ ጥፍሬን ቁረጪልኝ። የእግሬን። አንሶላ ይቀድዳል ብላ ነርሷ ትቆጣለች፤ የእማዬ እጅ ደግሞ ይንቀጠቀጣል።"

እናቷ ውኃውን አስቀምጣ ልብሱን እንደ አዲስ ማጠፍ ጀመረች። እሷ መሳቢያውን ሳበችና ጥፍር መቁረጫውን አወጣች። ብርድ ልብሱን ከእግሩ ገለጠች። እግሮቹ ነጭተዋል፤ ተረከዙ እንደ ሕፃን ተረከዝ ለስልሷል። የቀኙን አውራ ጣት በሁለት ጣቷ ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር። ሥጋ እንዳትነካ ተጠንቅቃ ቆረጠች፤ ብትነካውም እንደማያውቅ ታውቃለች፤ ስለዚህ ይበልጥ ተጠነቀቀች። ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ፣ ከዚያ ግራውን። እያንዳንዷን ቁራጭ ጭኗ ላይ በዘረጋችው ወረቀት ሰበሰበች።

ላባ ከመስኮቱ ዓይኑን አላነሳም።

"ጀመርሽ?" አለ።

"ጨረስኩ።"

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው። ብርድ ልብሱን መለሰች። ጥፍር መቁረጫውን በጨርቅ ጠርጋ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠችና መሳቢያውን ዘጋች።